«በአምስት ቀን ይወጣል» ላለው ጽሑፍ ምላሽ፦ በቨርጂኒያ ተከራይ በሕግ የሚወጣው እንዴት ነው?

በሰሜን ቨርጂኒያ ባሉ ሐበሻ አከራዮች ዘንድ እጅ በእጅ የሚዘዋወር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። አልወጣም ያለ ተከራይን በአጭር ጊዜ ለማስወጣት ያግዛል ተብሎ የተጻፈ ነው። ምክሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ በቃል የተከራየ ሰው እንግዳ ስለሆነ መብት የለውም። የአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ በስልክ መልእክት ከተላከ በስድስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ይሆናል። እምቢ ካለ ቁልፍ መቀየር ወይም መብራት ማጥፋት ነው። የሚሰጠውን ገንዘብ ግን እየተቀበሉ መቀጠል ይቻላል፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቢከፍልም አይድንም። ሸሪፉ (የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚው) በመጣ ቀን የቀረው ዕቃ የአከራዩ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ተከራይ ደግሞ ፍርድ ቤት ደፍሮ አይመጣም። መጨረሻ ላይ «ሽማግሌ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ይዘጋል።

የጸሐፊው ቁጭት ይገባናል። ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) አከራይቶ ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) የሚደጉም ሰው የሁለት ወር ኪራይ ሲቀርበት ባንኩ አይታገሠውም። ነገር ግን ጽሑፉ አቋራጭ ብሎ የዘረዘራቸው ሁሉ አከራዩን ወደ ኋላ የሚመልሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዕዳውን ከተከራዩ ትከሻ አንሥተው በአከራዩ ላይ የሚጭኑ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው በ2025 በሥራ ላይ የነበረው የቨርጂኒያ ሕግ ነው። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ቢሆኑም የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚያ ያለ ቤት በዚህ አይመዘንም። የቀን ቁጥሮቹም ይለዋወጣሉ፤ አምስት ቀን የሚባለው በኮቪድ ጊዜ 14 ሆኖ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ በፊት የዕለቱን ሕግ ማየት ግድ ነው።

«ውል አልጻፍንም፣ እንግዳዬ ነው» የሚለው መከራከሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አያስኬድም። የግዛቷ የአከራይና ተከራይ ሕግ አከራዩ የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ ያዛል። ካላቀረበ ሕጉ ራሱ በሁለቱ መካከል ውል ያቆማል። የዚህ ውል ዘመን 12 ወር ነው። ኪራዩ በ12 እኩል ክፍያ ይከፈላል፤ መክፈያው ወሩ በገባ በ1ኛው ቀን ሲሆን እስከ 5ኛው ቀን ካልተከፈለ ዘገየ ይባላል። ዲፖዚቱም (ማስያዣው) ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። እንግዲህ «በቃል ስለሆነ ባሻኝ ጊዜ አስወጣዋለሁ» ያለው አከራይ ሳያውቀው የአንድ ዓመት ውል ገብቷል ማለት ነው። ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍለውን ሰው «እህቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው፣ ክፍሉን ልቀቅልኝ» ብሎ በአራተኛው ወር ሊያስወጣው አይችልም። በጽሑፍ «ወር በወር» ብለው ተዋውለው ቢሆን ኖሮ ከሚቀጥለው መክፈያ ቀን 30 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃው ነበር። ወረቀት አለመጻፍ ለአከራዩ ነፃነት ይሰጣል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አናውቅም፤ እዚህ አገር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

«አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ኩሽናና መታጠቢያ በጋራ ነው» ማለትም መውጫ አይሆንም። ሕጉ ተከራይ ሲል እንዲህ ያለውን የክፍል ተከራይ በስም ጠቅሶ አካቶታል።

የአምስት ቀኑ ነገር በከፊል እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በእርግጥ የአምስት ቀን ነው። ነገር ግን አምስቱ ቀን ሲያልቅ አከራዩ የሚያገኘው ቤቱን ሳይሆን ክስ የመመሥረት መብትን ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ የሁሉም ተከራዮች ስም፣ የቤቱ ሙሉ አድራሻ፣ የዕዳው መጠን በየወሩ ተዘርዝሮ፣ የተሰጠበት ቀን፣ እንዲሁም በአምስት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ አከራዩ ውሉን አቋርጦ ቤቱን ለመረከብ እንደሚሄድ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር መኖር አለበት። የዘገየ ክፍያ ቅጣትም የሚጠየቀው በጽሑፍ ውሉ ውስጥ ካለ ነው። መጠኑም ከወር ኪራዩ 10 በመቶ ወይም ካልተከፈለው ቀሪ ዕዳ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። 1,500 ዶላር ተከራይቶ 1,200 የከፈለ ሰው ላይ 150 ዶላር ቅጣት የሚጽፉ አሉ፤ የሚፈቀደው 30 ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ ከዕዳው በላይ መጻፍ ለተከራዩ ጠበቃ የመጀመሪያውን መከራከሪያ በነፃ ማቀበል ነው።

አሰጣጡም የራሱ ሥርዓት አለው። ማስጠንቀቂያ በእጅ ወይም በመደበኛ ፖስታ ይሰጣል፤ አከራዩም መቼ፣ ለማን፣ እንዴት እንደሰጠ የሚያሳይ ማረጋገጫ ጽፎ ፈርሞ ቅጂውን መያዝ አለበት። በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት መላክ የሚቻለው የኪራይ ውሉ ይህን ከፈቀደ ነው። ጽሑፉ በቃል የተከራየውን ሰው «በቴክስት አስጠንቅቁት» ይላል፤ ይህን የሚፈቅድ ውል ግን አልተጻፈም። ዳኛው ፊት ስልክ አውጥቶ «አየው፣ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አለው» ማለት ክሱን አያድነውም። እንደገና ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ እንደገና አምስት ቀን ቆጥሮ፣ እንደገና የክስ ማስከፈቻ ከፍሎ መምጣት ነው።

ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው ሌላ ነገር አለ። አምስቱ ቀን የሚሠራው ለኪራይ ዕዳ ብቻ ነው። ተከራዩ ሰው ደርቦ ካስገባ፣ ውሉ የከለከለውን ውሻ ካመጣ፣ ሌሊት እየረበሸ ካስቸገረ፣ ጥፋቱ በዝርዝር ተጽፎ እንዲያስተካክል 21 ቀን ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ ውሉ ማስጠንቀቂያውን በተቀበለ ከ30 ቀን ባላነሰ ጊዜ ይቋረጣል። ሊስተካከል የማይችል ከባድ ጥፋት ከሆነ የማስተካከያው ጊዜ ይቀርና 30 ቀኑ ይሰጣል። የሰው ጤናና ደኅንነት ላይ አደጋ የሚጥል ወንጀል ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት ሲሆን ግን ውሉ ወዲያው ሊቋረጥ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም መጥሪያው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ያየዋል። የተሳሳተውን የማስጠንቀቂያ ዓይነት መምረጥ ክስ ከሚያስፈርሱ ስሕተቶች ዋነኛው ነው። በተለይ ኪራይም ያልከፈለ፣ ሰውም የደረበ ተከራይ ሲሆን ሁለቱን በአንድ ወረቀት ቀላቅሎ አምስት ቀን መጻፍ የተለመደ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ መጻፍ ይሻላል።

የቤቱ ብድር በፌዴራል መንግሥት የተደገፈ ከሆነ፣ ማለትም ኤፍኤችኤ፣ ቪኤ፣ ፋኒ ሜይ ወይም ፍሬዲ ማክ ካለበት፣ ሌላም ነገር ይመጣል። በ2020 የወጣው የፌዴራሉ ኬርስ ሕግ ኪራይ ባለመክፈል የሚወጣ ተከራይ 30 ቀን ሳይሰጠው እንዲወጣ መጠየቅን ይከለክላል። ወረርሽኙ ስላለፈ ይህ አንቀጽ አብሮ ያለፈ የሚመስላቸው አከራዮች ብዙ ናቸው፤ የተከራይ ጠበቆች ግን ዛሬም ያነሡታል። ቤቱን በኤፍኤችኤ ገዝቶ ቤዝመንቱን ያከራየ ሰው ይህን ከባንኩ ወረቀት ላይ ቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል።

ቀጥሎ ክሱ ነው። ቅጹ ዲሲ-421 ይባላል፤ የሚቀርበው ቤቱ ላለበት ካውንቲ ወይም ከተማ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት (የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ነው። እዚህ ላይ አድራሻ ያታልላል። ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» ቢልም ኪንግስታውን፣ ፍራንኮኒያ ወይም ማውንት ቨርነን አካባቢ ያለ ቤት የሚገኘው በፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ የፎልስ ቸርች አድራሻ ያላቸው ብዙ ቤቶችም እንዲሁ። የንብረት ግብር ለማን እንደሚከፈል ማየት ጥርጣሬውን ያጠፋል። ቅጹ ላይ በውሉ ያሉትን ተከራዮች ሁሉ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ባልን ብቻ ከሰው ሚስትን የረሱ እንደሆነ ሸሪፉ በር ላይ ሲደርስ ችግሩ ይገለጣል። ከማስከፈቻው በተጨማሪ ሸሪፉ መጥሪያውን ለሚያደርስበት ለአንድ ተከሳሽ 12 ዶላር ይከፈላል። የዕዳውን መጠን ሲሞሉ እስከ ችሎቱ ቀን የሚጠራቀመውንም ኪራይ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ያልጠየቀ ሰው ለአንዱ ወር ሌላ ክስ ሊያስፈልገው ይችላል።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ኪራዩ በ1 ይከፈል ነበር፣ በ5 አልተከፈለም። በ6 ማስጠንቀቂያው በእጅ ተሰጠ። አምስቱ ቀን በ11 ያልቃል፤ በ12 ክሱ ይገባል። የመጀመሪያው ችሎት ክሱ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ፣ ካልተቻለም በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት፤ መጥሪያውም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ለተከራዩ መድረስ አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ተከራዩ ቀርቦ «እከራከራለሁ» ካለ የማስረጃ መስሚያ ቀን ይቀጠራል። ካልቀረበ ፍርዱ በሌለበት ይሰጣል፤ ለዚህም ተከራዩ በውትድርና አገልግሎት ላይ አለመሆኑን የሚገልጸው ዲሲ-418 የተባለው ቃለ መሐላ መሞላት አለበት። ፔንታጎን ባለበት አካባቢ ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ወረቀት አይደለም። ከፍርዱ በኋላ የይግባኝ ጊዜው 10 ቀን ነው፤ በኪራይ ዕዳ ጉዳይ ግን ተከራዩ ካልቀረበ አከራዩ የማስወጫ ትእዛዙን እዚያው ሊጠይቅ ይችላል። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ሸሪፉ ቀን ይቆርጥና ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለተከራዩ ያሳውቃል። ሁሉም ነገር ሳይሰናከል ቢሄድ ሁለት ወር ግድም ይወስዳል። ስድስተኛው ቀን ላይ አዲስ ተከራይ ቀጥሮ ዲፖዚት የተቀበለ አከራይ ከሁለት ሰው ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ቁልፍ መቀየርና መብራት ማጥፋት ከምክሮቹ ሁሉ በጣም ውድ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከራይን ከቤት መዝጋት፣ መብራት፣ ጋዝ ወይም ውኃ ማቋረጥ ክልክል ነው፤ ሂሳቡ በአከራዩ ስም መሆኑም ሆነ ተከራዩ ስድስት ወር አለመክፈሉ አያድንም። ተከራዩ በዚያው ፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል። ዳኛው አከራዩን ገና ሳይሰማ ተከራዩ እንዲገባ ወይም መብራቱ እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል፤ ጉዳዩም በቀናት ውስጥ ይሰማል። ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል፦ በተከራዩ ላይ የደረሰው ጉዳት፣ በላዩም 5,000 ዶላር ወይም የአራት ወር ኪራይ፣ ከሁለቱ የበለጠው፣ ከዚያም የጠበቃ ወጪ። ቤዝመንቱ በወር 1,400 ዶላር ከተከራየ አራት ወሩ 5,600 ነው። የሦስት ወር ኪራይ 4,200 ዶላር ሳይከፈለው የቀረ አከራይ ቁልፍ ሠሪ ጠርቶ ሲያበቃ ባለዕዳው እሱ ሆኖ ያርፋል።

ገንዘቡን በተመለከተ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ተከራዩ እስከ መጀመሪያው ችሎት ቀን ድረስ ኪራዩን፣ ቅጣቱን፣ የፍርድ ቤት ወጪውንና የጠበቃ ክፍያውን አሟልቶ ከከፈለ በኪራይ ዕዳ የቀረበው ክስ ይዘጋል። ከፍርድ በኋላም ሸሪፉ ከቆረጠው ቀንና ሰዓት 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ድረስ ሙሉ ዕዳውን በባንክ ቼክ ወይም በማኒ ኦርደር ከፍሎ ማስወጣቱን ማስቀረት ይችላል። ሙሉውን ገንዘብ ተቀብሎ ሰውየውንም ማስወጣት አይቻልም፤ ከዕዳው ሌላ ምክንያት ያለው ፍርድ ካልተያዘ በቀር። አራት ወይም ከዚያ ያነሱ ቤቶች ያሉት አነስተኛ አከራይ ይህን የመዳኛ ዕድል በአንድ የውል ዘመን ወደ አንድ ጊዜ ሊገድበው ይችላል፣ ግን ቀድሞ በጽሑፍ ካሳወቀ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የኛ አከራዮች ከአራት ቤት በታች ያላቸው ስለሆኑ ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለነሱ ነበር። ጽሑፉ ይህን ቢነግራቸው ይጠቅማቸው ነበር።

የዕዳውን ከፊል መቀበል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፊል ክፍያ ተቀብሎ ክሱን መቀጠል ይቻላል፤ ለዚህ ግን የሚቀበለው ገንዘብ የማስወጣት መብቱን እንደማያስቀር አከራዩ በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ይህ ዐረፍተ ነገር በአምስት ቀኑ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ዛሬ ኪራይ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክ ገንዘብ) ነው የሚከፈለው። ዜል ደግሞ «ትቀበላለህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ 300 ዶላሩ ሌሊት ገብቶ ያድራል። ማስጠንቀቂያው ላይ ያ መስመር የሌለ እንደሆነ ተከራዩ «ገንዘቤን ተቀብሎ ውሉን አድሶልኛል» ብሎ ይከራከራል። ተከራይ የሆናችሁ አንባቢዎችም የምትልኩት ገንዘብ ላይ የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ ጻፉበት። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከተጠየቀ አከራዩ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ስለ ሸሪፉ ቀን አጭር ነው። የማስወጫ ትእዛዙ ፍርዱ ከተሰጠ በ180 ቀን ውስጥ ካልተጠየቀ ፍርዱ ለማስወጣት አያገለግልም፤ ከወጣ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ይሰረዛል። ሸሪፉ ዕቃ አይሸከምም፤ ቁልፍ ሠሪውንና ዕቃ የሚያወጡትን ሰዎች የሚያቀርበው አከራዩ ነው፤ ካልተገኙ ቀኑ ይተላለፋል። ዕቃው ደግሞ ወዲያው የአከራዩ አይሆንም፤ ተከራዩ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ 24 ሰዓት ዕቃውን የመውሰድ መብት አለው። ፓስፖርትና የልጆች መድኃኒት ያለበትን ሻንጣ በዚያ ሰዓት ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣለ አከራይ ሌላ ክስ በራሱ ላይ ጠራ። ዲፖዚቱም ቢሆን ምን እንደተቀነሰበት ከዝርዝሩ ጋር በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

«ወረቀት የሌለው ሰው ፍርድ ቤት አይመጣም» የሚለው ነጥብ መልስ የሚገባው በስሕተቱ ብቻ አይደለም፣ በአደገኛነቱ ነው። ዲሲ-421 ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ መስመር የለም። አከራዩ ግን «ካልወጣህ ወይም ካልከፈልክ ለኢሚግሬሽን እጠቁምሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ወይም ጥቅም ቢያገኝ በቨርጂኒያ የወንጀል ሕግ ማስፈራራት ተብሎ በከባድ ወንጀል ያስጠይቀዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መልእክት የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸው ይገርማል። ለተከራዩም የምንለው አለን፦ መጥሪያ ከደረሰህ ቅረብ። ከመቅረት የሚገኘው ውጤት በሌለህበት የተሰጠ ፍርድ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ከችሎቱ ቀን በፊት ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል፣ አትከፍልበትም። ሙቀት ወይም ውኃ ስለሌለ ኪራይ አልከፍልም ብሎ ዝም ማለት ግን አይረዳም፤ በዚያው ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርቦ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ እያስያዙ መከራከር ነው መንገዱ።

ሽማግሌን በተመለከተ ጽሑፉ ትንሽ እውነት ይዟል። በቃል ያለቀ ሽምግልና ሁለቱንም ይጎዳል። ሽማግሌዎቹ «እስከ ፋሲካ ታገሠው» ብለው፣ አከራዩ እሺ ብሎ፣ በመሐል ኪራይ ሲቀበል ቆይቶ ከፋሲካ በኋላ በድሮው ማስጠንቀቂያ ፍርድ ቤት ቢሄድ አይሆንለትም፤ ፍርድ ይዞ የታገሠም ከሆነ 180 ቀኑ በሽምግልና ምክንያት ቆጠራውን አያቆምም። በጽሑፍ የተያዘ ስምምነት ግን ከሸሪፉ መንገድ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ ይረክሳልም። የሚወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብ፣ ከዕዳው ምን ያህሉ እንደሚቀርለት፣ ዲፖዚቱ ለምን እንደሚውል ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። ክስ ከተጀመረ ደግሞ ስምምነቱ ለዳኛው ይቅረብ። ተከራዩ ከገንዘቡ እኩል የሚፈልገው ነገር አለ፤ በስሙ የማስወጣት ፍርድ ከተመዘገበ ቀጣዩ አከራይ ሲያጣራ ያገኘዋል። ስለዚህ «ቁልፉን በተባለው ቀን ካስረከበ ክሱን አነሣለሁ» የሚል አንድ መስመር አከራዩን ምንም አያስከፍለውም፣ ተከራዩንም በሰዓቱ ያስወጣዋል።